የስታዲየም ደጅ ድግስና የአሜሪካ ደጋፊዎች ቅሬታ

በሞላላ ኳስ የሚካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሊጀመር ሦስትና አራት ሰዓት ሲቀረው በስታዲየሙ ዙሪያ በተንጣለለው የመኪና ማቆሚያ ላይ የሚደረገው የመብልና የመጠጥ ዝግጅት «ቴይልጌቲንግ» ይባላል። መጠሪያው የተገኘው ወደ ታች ሲከፈት እንደ ጠረጴዛ ከሚያገለግለው የፒክአፕ መኪና የኋላ መዝጊያ ሲሆን፣ ዛሬ ግን መኪና ኖረም አልኖረም ከጨዋታ በፊት በስታዲየም ደጅ የሚደረገውን ግብዣ ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ልማድ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ደንብ በደንብ ላይ እየተደራረበበት የመጣ ሲሆን፣ በደጋፊዎች ዘንድ የሚሰማው ቅሬታም ብዙ ጊዜ መጠጥ እንደተከለከለ ሰው ጩኸት ተቆጥሮ ይታለፋል። ጉዳዩ ግን ከመጠጥ ይሰፋል፤ በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ስታዲየም ደጅ ማን ማንን ሊጋብዝ እንደሚችል፣ ደንብስ የሚወጣው ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው ወይስ ሰው በነጻ ሲያደርገው የኖረውን መልሶ ለመሸጥ የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ።

የድግሱን መልክ ለማያውቅ አንባቢ በዊስኮንሲን ግዛት ግሪን ቤይ ከተማ የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተውን ላምቦ ፊልድ ማየት በቂ ነው። ግሪን ቤይ ትንሽ ከተማ በመሆኗ ስታዲየሙ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የቆመ ነው፤ በጨዋታ ቀን የሰፈሩ ነዋሪዎች ግቢያቸውንና ሣራቸውን ለመኪና ማቆሚያ ያከራያሉ፤ ደጋፊውም ታጣፊ ወንበሩንና በበረዶ የተሞላውን ማቀዝቀዣ ሳጥኑን አውርዶ ከሰሉን ያቀጣጥላል። በአካባቢው የጀርመን ዝርያ ባላቸው ሰፋሪዎች የተለመደው ብራትቩርስት የተባለው ቋሊማ በቢራና በሽንኩርት ውስጥ ከተንተከተከ በኋላ በፍም ላይ ይጠበሳል፤ ልጆችና አዋቂዎች በቆሎ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ከርቀት እየወረወሩ በጣውላ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ለማስገባት ይወዳደራሉ፤ ከጎን ያቆመ የማይታወቅ ሰው ሳይቀር ሳህን ይቀርብለታል። ከዜሮ በታች በሆነ የታኅሣሥ ብርድ ይህ ሁሉ የሚደረገው በአስፋልት ላይ ቆሞ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦችም በየዓመቱ በአንድ ቦታ እያቆሙ፣ ከጎረቤት መኪኖች ጋር ለሁለትና ለሦስት ትውልድ የዘለቀ ወዳጅነት መሥርተዋል።

የልማዱን አጀማመር በተመለከተ የተለያዩ ከተሞችና ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያነቱን ክብር ለየራሳቸው ይወስዳሉ። አንዳንዶች እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1869 በኒው ጀርሲ ግዛት በራትገርስና በፕሪንስተን ኮሌጆች መካከል ወደተካሄደው የመጀመሪያው የኮሌጆች ፉትቦል ጨዋታ ይመልሱታል፤ ሌሎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በባቡር ወደ የል ዩኒቨርሲቲ ይጎርፉ የነበሩትን ደጋፊዎች ያነሳሉ። እርግጠኛው ነገር ልማዱ ዛሬ ያለውን ስፋት ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤተሰብ መኪና ሲበዛና ስታዲየሞች ከመሀል ከተማ ወጥተው በሰፊ ሜዳ ላይ መሠራት ሲጀምሩ መሆኑ ነው። በማሳቹሴትስ የፎክስቦሮ ስታዲየም በ1971፣ በካንሳስ ሲቲ አሮውሄድ በ1972፣ በቡፋሎ አቅራቢያ በኦርቻርድ ፓርክ የቢልስ ቡድን ስታዲየም በ1973፣ በኒው ጀርሲ የጃያንትስ ስታዲየም በ1976 ሲከፈቱ ሁሉም በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን በሚያስተናግድ አስፋልት የተከበቡ ነበሩ። ደጋፊው በሕዝብ ማመላለሻ በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል ቦታ ላይ ስታዲየም ሠርተው በመኪና እንዲመጣ ያደረጉት የቡድኖቹ ባለቤቶችና የየአካባቢው መስተዳድሮች ናቸውና፣ የድግሱን መሬት የሰጡት እነርሱው ናቸው ማለት ይቻላል።

ደንቦቹ ያለምክንያት አልመጡም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በማያሚ ዶልፊንስ ስታዲየም ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ አንድ ደጋፊ ፍሙ ሳይጠፋ ትቶት የሄደው መጥበሻ መኪና ላይ እሳት አስነሥቶ 8 መኪኖች ተያይዘዋል። ከዚህ የከበደ ጉዳት የደረሰው በ2011 በየልና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ ግጥሚያ ዕለት ነው፤ የቢራ በርሜሎች ጭኖ ወደ ድግሱ ሜዳ ሲገባ የነበረ የኪራይ የጭነት መኪና በድንገት ፈጥኖ በሰዎች መካከል በመግባቱ አንዲት ሴት ስትሞት ሌሎች ሁለት ቆስለዋል። የል በተከታዩ ጥር ባወጣው ደንብ የቢራ በርሜሎችንና ትልልቅ የጭነት መኪኖችን ከሜዳው አገደ፤ ጨዋታው እንደተጀመረም ድግሱ እንዲያበቃ አዘዘ። ሰው ከሞተ በኋላ የወጣን ደንብ የሚነቅፍ ደጋፊ ቢኖር እንኳ የሚያደምጠው አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም።

የመጠጡ ነገርም በጥናት የተደገፈ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤዝቦልና ከፉትቦል ጨዋታዎች ሲወጡ ፈቃደኛ የሆኑ 362 አዋቂ ተመልካቾችን ትንፋሽ ለክተው በ2011 ባወጡት ጥናት፣ 40 በመቶ ያህሉ አልኮል የቀመሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ በደማቸው ያለው አልኮል ለማሽከርከር ከተፈቀደው 0.08 በመቶ ወሰን ያለፈ ሆነው ተገኝተዋል። አስተዳዳሪዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ግን ቀጣዩን ግኝት ነው፦ ከጨዋታው በፊት በድግስ የተካፈለ ሰው ካልተካፈለው ይልቅ ከሕጋዊው ወሰን በላይ ሰክሮ የመውጣት ዕድሉ 14 እጥፍ ነበር። ከሜዳ ሲወጣ መሪ የሚጨብጠው ሰው በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው ሕፃናትና አዛውንት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይታዩም እንጂ የቁጥሩ ትርጉም እነርሱው ናቸው።

በዚህ ላይ የፍርድ ቤት ፍርሃት ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ጀርሲ ከጃያንትስ ጨዋታ ሰክሮ የወጣ አንድ ሰው ከአንድ ቤተሰብ መኪና ጋር ተጋጭቶ አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን ሽባ ሆና ቀርታለች፤ በ2005 የዳኝነት ጉባኤ አባላት የሆኑ ተራ ዜጎች፣ በአሜሪካ አጠራር «ጁሪ»፣ በሰካራሙና በስታዲየሙ ውስጥ ቢራ በሚሸጠው ድርጅት ላይ በድምሩ 135 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ውሳኔው በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ቢሻርም፣ በስታዲየም ዙሪያ የሚጠጣ መጠጥ የስንት ሰው ኪስ ሊያራግፍ እንደሚችል ለቡድኖችና ለመድን ድርጅቶች ያሳየ ጉዳይ ሆነ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፉትቦል ሊግ፣ በአጭሩ ኤንኤፍኤል፣ በ2008 የደጋፊዎች የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጣ ደንቡ ከስታዲየሙ በር ውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያም እንዲመለከት አድርጓል። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በ1999ኙ ጉዳይ ተከሳሽ የሆነው በደጅ የተጠጣው ሳይሆን በስታዲየሙ ውስጥ የተሸጠው ቢራ ነበር።

የደጋፊው ቁጣ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። እሳትን፣ የቢራ በርሜልን ወይም ሰክሮ መንዳትን የሚከለክል ደንብ ሲወጣ የሚያጉረመርም ሰው ቢኖርም ምክንያቱ ስለሚታየው ይቀበለዋል፤ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ሲከለከል ግን ምክንያቱን ፈልጎ ያጣዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2014 በኒው ጀርሲ በሜትላይፍ ስታዲየም የተካሄደው ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ፣ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። አዘጋጅ ኮሚቴው ባወጣው መመሪያ መሠረት ደጋፊው ከመኪናው አጠገብ ቆሞ መብላትና መጠጣት ይፈቀድለት ነበር፤ መጥበሻ ማቀጣጠል፣ የመዝናኛ ወንበር ማውጣትና ከአንድ መኪና ቦታ ወሰን ማለፍ ግን ተከልክሏል። በእግር ወደ ስታዲየሙ መምጣትም ሆነ በታክሲ በሩ ድረስ መድረስ አይፈቀድም ነበር፤ አብዛኛው የመኪና ማቆሚያም ለጸጥታ ሥራ፣ ለመገናኛ ብዙኃንና ለልዩ ልዩ ዝግጅት በመያዙ ለተመልካች የቀረው ቦታ ከተለመደው እጅግ ያነሰ ነበር። ብዙው ሰው በ51 ዶላር የአውቶቡስ ትኬት ወይም በባቡር እንዲመጣ ተደረገ፤ በባቡር የመጣው ሕዝብ ከተገመተው ከእጥፍ በላይ በመሆኑም ከጨዋታው በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች በጣቢያው ለሰዓታት ተጉላልቷል። የደጅ ድግስ በተለመደባቸው ቀናት ብዙ ሰው ከጨዋታ በኋላም ፍሙን እንደገና አቀጣጥሎ መንገዱ እስኪቀል ስለሚቆይ፣ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ አይወጣም ነበር። ሊጉ በዚያው ስታዲየም በመደበኛው ወቅት በየሳምንቱ የሚፈቀደውን ነገር በፍጻሜው ቀን ሲያግድ፣ በውድ ዋጋ ለሚሸጡ የግብዣ ድንኳኖች ግን በስታዲየሙ ግቢ ቦታ አልታጣላቸውም፤ ደጋፊውን ያንገበገበው ይህ አድልዎ ነው።

የጸጥታ ሥጋትን ማንም አያቃልለውም። ከመስከረም 2001 ጥቃት ወዲህ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ጥበቃው ተጠናክሯል፤ ኤንኤፍኤልም በ2013፣ የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በደረሰበት ዓመት፣ ተመልካች ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ ይዞ እንዲገባ ወስኗል። ይህ ደንብ መጀመሪያ ላይ ተቃውሞ ገጥሞት የነበረ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ስለነበር ሰው ለምዶታል።

የድግሱ ትልቁ ጠላት ግን ደንብ ሳይሆን የመሬት ዋጋ ነው። የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ቡድን እስከ 1981 ድረስ ይጫወት የነበረው በብሉሚንግተን ከተማ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ስታዲየም ሲሆን፣ በሰሜኑ ቅዝቃዜ በሰፊው ሜዳ ላይ ይደረግ የነበረው የደጋፊዎች ድግስ በመላው ሊግ የታወቀ ነበር። ቡድኑ በ1982 መሀል ሚኒያፖሊስ ወደሚገኘው ጣሪያ ያለው ሜትሮዶም ሲዛወር ሜዳው ቀረ፤ በ2016 በዚያው ቦታ በተከፈተው ዩኤስ ባንክ ስታዲየምም አልተመለሰም። በብሉሚንግተን የነበረው አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በምትኩ የቆመው በ1992 የተከፈተውና ከአገሪቱ ታላላቅ የገበያ ማዕከላት አንዱ የሆነው ሞል ኦፍ አሜሪካ ነው። ቋሊማ ይጠበስበት የነበረው መሬት ዛሬ ሱቅ ሆኗል፤ ለዚህም ማንም ሰው ድግስ የሚከለክል ደንብ መጻፍ አላስፈለገውም። በፎክስቦሮም የቀድሞውን የተካው የጊሌት ስታዲየም ባለቤቶች ከስታዲየሙ ጎን ፓትሪየት ፕሌስ የተባለ የገበያና የመዝናኛ መንደር ሠርተዋል። በክሊቭላንድ በሐይቁ ዳር የሚገኘውና ሙኒ ሎት የሚባለው የከተማው የመኪና ማቆሚያ የብራውንስ ደጋፊዎች በጨዋታ ቀን ማለዳ ተሰልፈው የሚገቡበት ነው፤ ቡድኑ ወደ ብሩክ ፓርክ ጣሪያ ወዳለው አዲስ ስታዲየም ለመዛወር ማቀዱ ሲታወቅ፣ ከብዙ ደጋፊዎች አፍ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሜዳው ሣር ሳይሆን ስለዚህ ማቆሚያ ነበር።

የቡድን ባለቤቶችን ሒሳብ መረዳት አያስቸግርም። በደጅ የበላና የጠጣ ሰው በውስጥ አይገዛም፤ ዘግይቶ ስለሚገባም በበሩ ላይ መጨናነቅ ይፈጥራል። ይህን ችግር ለመፍታት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ደጁን ማጥበብ ነው። ሁለተኛው ውስጡ እንዲወደድ ማድረግ ሲሆን፣ በአትላንታ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም በ2017 ሲከፈት የተመረጠው ይህ ነው፤ ሆት ዶግ በ2 ዶላር፣ እየተሞላ የሚጠጣ ለስላሳም በ2 ዶላር፣ ቢራ በ5 ዶላር መሸጥ ተጀመረ። ዋጋው በአሮጌው ስታዲየም ከነበረው በግማሽ ቀንሶ ሳለ እያንዳንዱ ተመልካች ለምግብና ለመጠጥ የሚያወጣው ገንዘብ 16 በመቶ መጨመሩን ባለቤቶቹ ራሳቸው ገልጸዋል። ሰውን በክልከላ ሳይሆን በዋጋ ወደ ውስጥ መሳብ እንደሚቻል ይህ ያረጋገጠ ሆኖ ሳለ ሌሎች ብዙ ስታዲየሞች ፈጥነው አለመከተላቸው የሚያሳዝን ነው።

ደንብ ሁልጊዜ ድግስን እንደማይገድል የሚያሳየው ደግሞ በሚሲሲፒ ግዛት በኦክስፎርድ ከተማ የሚገኘው፣ ኦል ሚስ እየተባለ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። በግቢው መሀል ግሮቭ የሚባል፣ 4 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የአድባር ዛፎች ሜዳ አለ፤ ደጋፊዎች እስከ 1991 ድረስ መኪናቸውን በዛፎቹ ሥር እያቆሙ ይደግሱበት ነበር። በዚያ ዓመት የጣለው ዝናብ ሜዳው በመንኮራኩር እየታረሰ ወደ ጭቃ እንዲለወጥ በማድረጉ ዩኒቨርሲቲው መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ድግሱ ያበቃለት መስሏቸው የነበሩ ሰዎች ተሳስተዋል፤ በመኪኖቹ ፋንታ ድንኳኖች ተተከሉ፣ በድንኳኖቹ ጣሪያ ሥር የመብራት ቀንዲሎች ተሰቀሉ፣ ጠረጴዛዎች በነጭ ጨርቅና በብር ዕቃ ተሸፈኑ፤ ዛሬ ግሮቭ በመላው አገሪቱ ከሚታወቁት የድግስ ሜዳዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ክልከላው የተሳካው ዛፎቹንና ሣሩን ለማዳን እንጂ ሰውን ለማራቅ ስላልወጣ፣ በክልከላው ማግሥትም ዩኒቨርሲቲው ለተመሳሳዩ ስብስብ ቦታውን ክፍት አድርጎ ስለተወ ነው። በቴኔሲ ኖክስቪል ደግሞ መኪና ጨርሶ የማያስፈልገው ዓይነት አለ፤ ከ1962 ጀምሮ ደጋፊዎች በቴኔሲ ወንዝ ላይ በጀልባ መጥተው ከስታዲየሙ አጠገብ ካቆሙ በኋላ ድግሱን እዚያው በውኃ ላይ ያደርጉታል።

ደጋፊው የሚሟገትለትን ነገር ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ለመረዳት ብዙ አይቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ በተለያዩ ከተሞች የሚያዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር የታደመ ሁሉ፣ ከሜዳው ይልቅ ዙሪያው ምን ያህል እንደሚደምቅ ያውቃል። በድንኳን ሥር ጥብሱ ሲጤስ፣ ቡና ሲቆላ፣ ለዓመታት የተለያዩ የትምህርት ቤት ጓደኞችና ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ የጨዋታውን ውጤት ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህን ከውድድሩ ቀንሶ ሃያ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ማስቀረት ውድድሩን ማፍረስ እንደሆነ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይነገረው ይገባዋል። የቡፋሎ ወይም የግሪን ቤይ ደጋፊም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የመግቢያ ትኬት ዋጋ ከአቅም በላይ በሆነበት ዘመን አንድ ሠራተኛ ሰው ከስታዲየሙ ጋር ባለው ግንኙነት ደንበኛ ሳይሆን ጋባዥ የሚሆንበት ብቸኛው ቦታ ያ አስፋልት ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አሁን የሚፈተነው በቡፋሎ ነው። የቢልስ ደጋፊዎች በታጣፊ ጠረጴዛ ላይ ዘለው በመውደቅና ጠረጴዛውን በመስበር በኢንተርኔት ተንቀሳቃሽ ምስሎች የታወቁ በመሆናቸው ቡድኑ ላወጣቸው አንዳንድ ደንቦች ምክንያት የሆኑት ራሳቸው ናቸው፤ በ2018 በኪራይ የሚመጡ አውቶቡሶችና ሊሞዚኖች በአንድ በተከለለ ቦታ ብቻ እንዲቆሙ መወሰኑ ሥርዓት ለማስያዝ የተወሰደ አግባብነት ያለው እርምጃ ነበር። አዲሱ ስታዲየም ግን ሌላ ጥያቄ አስነሥቷል። ለ2026 የውድድር ዘመን እንዲደርስ ታስቦ የተሠራው ይህ ሕንጻ የቆመው ከአሮጌው ስታዲየም ባሻገር፣ በከፊል ለዐሥርት ዓመታት የደጋፊው መኪና ማቆሚያ ሆኖ በኖረ መሬት ላይ ነው። ለግንባታው የኒው ዮርክ ግዛት 600 ሚሊዮን ዶላር፣ የኤሪ አውራጃ አስተዳደር 250 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምተዋል። የዓመት ትኬት ለመግዛት የሚፈልግ ደጋፊም በመጀመሪያ የመቀመጫ ፈቃድ የሚባለውን፣ ማለትም ትኬቱን የመግዛት መብት የሚያስገኘውን የአንድ ጊዜ ክፍያ እንዲከፍል ተጠይቋል፤ ይህ በቡድኑ ታሪክ ያልነበረ ነው። አንድ የኦርቻርድ ፓርክ ነዋሪ እንግዲህ በግብሩ አንድ ጊዜ፣ በመቀመጫ ፈቃዱ ሁለተኛ፣ በትኬቱ ሦስተኛ፣ በመኪና ማቆሚያው አራተኛ ጊዜ ከፍሏል።

850 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ስታዲየም የደጁን ደንብ ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ክልከላ የትኛውን አደጋ እንደሚከላከል በጽሑፍ የማስረዳትና ከወቅቱ መከፈት በፊት የደጋፊውን አስተያየት የመስማት ግዴታ ሊጣልበት ይገባል። የግዛቱና የአውራጃው ምክር ቤቶች ገንዘቡን ሲፈቅዱ ይህን በውል ማስገባት ይችሉ ነበር፤ ስታዲየም ለመሥራት የሕዝብ ካዝና እየተጠየቁ ያሉ ሌሎች ከተሞች ደግሞ ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ሊያስገቡት ይገባል።